ርካሹ ዋጋ ለማን ደረሰ?

ፍትሐዊ የመድኃኒት ዋጋ የቱ ነው ብዬ ራሴን ስጠይቅ፣ ቀድሞ የመጣልኝ መልስ «ዝቅተኛው» የሚል ነበር። በሽተኛ ዋጋው ካልተስማማው ትቶ መሄድ አይችልም። ስለዚህ መንግሥት ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ይያዝ አልሁ።

ነገር ግን በሊባኖስ የምኖርባት ጅዴይዴ ከተማ ይህን መልስ ታጠራጥራለች። ሊባኖስ አብዛኛውን መድኃኒቷን ከውጭ ታስገባለች። እ.ኤ.አ. ከ2019ኙ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ማዕከላዊ ባንኩ ከአስመጪዎች ወጪ 85 በመቶውን አንድ ዶላር 1,507.5 ሊራ በሆነበት ይፋዊ ምንዛሪ ይሸፍን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 አጋማሽ አንድ ዶላር በጥቁር ገበያ 20 ሺህ ሊራ ደረሰ፤ የባንኩም ዶላር ተመናመነ። ክፍያው ሲዘገይ አስመጪው እጁን ሰበሰበ፤ በድጎማ የገባውም ከፊሉ በድንበር ሾለከ፣ ከፊሉ ተደበቀ። በነሐሴ የወቅቱ የጤና ሚኒስትር ሐማድ ሐሰን መጋዘኖችን ሲፈትሹ የተከማቸ መድኃኒት አገኙ። የካንሰር ታማሚዎች ቤይሩት ውስጥ ሰልፍ ወጡ። ዋጋው በወረቀት ላይ ርካሽ ነበር፤ የፋርማሲው መልስ ግን «ማፊ» (የለም) ሆነ።

እንግዲያስ ገበያው ይወስን? እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 የብዙ መድኃኒቶች ድጎማ ሲቀነስ ዋጋው አሻቀበ። ዝቅተኛው ደመወዝ 675 ሺህ ሊራ ነበር፤ በ20 ሺህ ሲመነዘር 34 ዶላር እንኳ አይሞላም። እጅ የማይገባ መድኃኒት መደርደሪያ ላይ መኖሩ ለድሃው ምን ይጠቅመዋል?

ከሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ ታየኝ፤ ድጎማው ከካርቶኑ ወደ በሽተኛው ይዙር። በጤና ጣቢያ የተመዘገበ የስኳር ወይም የደም ግፊት ታማሚ መድኃኒቱን እዚያው በትንሽ ክፍያ ያግኝ። በዚህ መንገድ የተደበቀውም የሾለከውም ይቀንሳል።

ሆኖም እዚህም ጥርጣሬ ገባኝ። መዝገቡ ማንን ይይዛል? በከፋላ (የአሠሪ ዋስትና) ሥርዓት በሰው ቤት የምትሠራ ኢትዮጵያዊት እህታችን የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ ከአሠሪዋ ቤት ከወጣች ወረቀት የላትም። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በቡርጅ ሐሙድ ለስደተኞች ነጻ ክሊኒክ ከፍተዋል። መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን የሰው ጤና በበጎ አድራጊ መኖርና አለመኖር ላይ ሊንጠለጠል አይገባም።

በአገራችን በኢትዮጵያም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ መንግሥት መድኃኒትን እደጉማለሁ ብሏል። የሊባኖስን ያየ ሰው ድጎማው ስንት ብር ነው ብሎ ብቻ አይጠይቅም። መድኃኒቱ ለማን ደረሰ፣ ማንስ ቀረ ብለን እንጠይቅ። ለበሽተኛው ያልደረሰ ድጎማ ፍትሕ አይደለም።