ዝምታ ሁሉ ትዕግሥት ነውን?



ከመካከላችን አንዱ ከመዝሙር ጥናት ሲቀር «ሃይማኖቱ ቀዘቀዘ» እንላለን። እርሱ ግን ሌሊቱን ሳይተኛ የሚያነጋ፣ ምግብ ያስጠላው፣ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል አሳብ የሚመላለስበት ይሆናል። ዝም ሲል ደግሞ ዝምታውን ትዕግሥት ብለን እናመሰግናለን።

ነቢዩ ኤልያስም በምድረ በዳ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለምኖ ነበር። መልአኩ ግን እምነቱን አልነቀፈበትም፤ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ እንዲበላና እንዲጠጣ ነገረው እንጂ። ነቢይን እርዳታ መቀበል ካላሳፈረው እኛን ስለ ምን ያሳፍረናል?

ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት የመንፈስ ጭንቀት የእምነት ጉድለት ሳይሆን ሕመም ነው። ኀዘኑና ተስፋ መቁረጡ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አልለቅ ካለ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ በምክርም በመድኃኒትም ይታከማል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው በ2021 እ.ኤ.አ. ከ15 እስከ 29 ዓመት ለሆናቸው ወጣቶች ራስን ማጥፋት ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነበር። ስለዚህ ነገሩ የቀልድ አይደለም።

እንግዲህ የከበደህ ወንድማችን፣ የጨነቀሽ እኅታችን፤ ለወላጅ፣ ለንስሐ አባት ወይም ለመምህር ተናገሩ፤ ወደ ጤና ጣቢያም ሂዱ። ጸሎትና ጠበል ሕክምናን አይከለክሉም። እኛም የጓደኛችንን ምሥጢር እንጠብቅ፤ ሞትን ካነሣ ግን ብቻውን ሳንተወው ፈጥነን ለታላላቆች እንንገር። ይህ ምሥጢር ማውጣት ሳይሆን ነፍስ ማዳን ነው። አባቶቻችንስ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ የለምን?