የዘር ሐረግ ፍለጋ ለምን?

«ዘርህን እወቅ» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን መኩራት ነው። ሰባት ቤት ቆጥሮ ጀግናውንና ባለርስቱን ማውሳት፣ ከዚያም ልጅ ሊዳር ሲል የሌላውን አያት መርምሮ «ዘሩ አይሆንም» ማለት። ለመሆኑ የዘር ፍለጋ ፍሬው ይህ ብቻ ነውን?

ውድ አንባቢያን፣ እስቲ ወደ አሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች እንሻገር። እዚያ በየገጠሩ የካውንቲ ፍርድ ቤቶች የኑዛዜ፣ የመሬት ሽያጭና የሟች ንብረት መዛግብት ይገኛሉ። በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን የልጅ ልጆች አያቶቻቸውን የሚፈልጉት በእነዚህ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1850 እና በ1860 በተካሄዱት የሕዝብ ቆጠራዎች ባሪያዎች በጌታቸው ስም ሥር በዕድሜ፣ በፆታና በቆዳ ቀለም ብቻ ተመዘገቡ፤ ከጥቂት ቦታዎች በቀር የራሳቸው ስም አልተጻፈም። አብዛኞቹ በስማቸው የተቆጠሩት ነፃ ከወጡ በኋላ በ1870 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት ያለውን ስም የሚሻ ሰው የባለንብረቱን መዝገብ መግለጥ ግድ ይሆንበታል። እዚያም ቅድመ አያቱን ከበቅሎና ከአልጋ ጋር ተደርድራ፣ ዋጋ ተተምኖባት ሊያገኛት ይችላል።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል ሙስሊሞችም ነበሩ። ከፉታ ቶሮ የተወሰደው ዑመር ኢብን ሰዒድ በ1807 ቻርለስተን ደረሰ፤ በ1831 በሰሜን ካሮላይና ሳለ የሕይወት ታሪኩን በዐረብኛ ጻፈ። ስለ ራሱ በራሱ እጅ ለመጻፍ የበቃ ግን ጥቂት ነው።

እንግዲህ በግፍ የተጻፈ መዝገብ ይጠቅማልን? አዎን፣ ይጠቅማል። ጸሐፊው የመዘገበው ዕቃ መስሎት ነው፤ የምታነበው የልጅ ልጅ ግን እናቷን ታገኛለች። የተጻፈው ዋጋ የገዢውን ነውር እንጂ የተሸጠችውን ክብር አይለካም። ይህን ሊያይ የሚሄድ ሰው ለኩራት ሳይሆን የተቆረጠ ዝምድና ለመቀጠል ይሄዳል። ሃይማኖታችንም የዘር ዕውቀትን ከሲለቱ ረሒም ጋር ያስተሳስራል፤ በአላህ ዘንድ የሚያስከብረውም ተቅዋ እንጂ የአያት ስም አይደለም።

በአገራችንም ባርነትን የሚያስቀር ዐዋጅ በ1934 ዓ.ም. ወጥቷል። ሆኖም ዛሬም የአያትን ባርነት እያነሳ ጋብቻ የሚከለክል አልጠፋም። ያ ሰው ከመዝገብ ጸሐፊው በምን ይለያል? እርሱም ሰውን በዋጋ እየተመነ ነው።

አያቶቻችን በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው፤ የሚሉንንም እንጻፍ። የምንጠይቀው ግን ለመመጻደቅ ሳይሆን፣ የተረሳችውን አክስት ደጅ ለማንኳኳት ይሁን። ወላሁ አዕለም።