ችሎታ ያጣ ሰው በሕግ ፊት

አንድ ሰው በሕግ ችሎታ የለውም ሲባል ጥያቄው ቃሉ ይጸናል ወይ የሚለው ነው። ቤት ቢሸጥ፣ ቢያገባ፣ ቢናዘዝ፣ ውክልና ቢሰጥ፣ ያደረገው ነገር እንደማንኛውም ሰው ሥራ ይቆማል ወይስ ይፈርሳል? በሽታን የሚያውቀው ሐኪም ነው፤ ችሎታን የሚሰጠውና የሚነሳው ግን ሕግ ነው። ስለዚህ በጠና የታመመ ሰው ችሎታው ሙሉ ሊሆን ይችላል፤ አእምሮው የሰላ የ17 ዓመት ልጅ ደግሞ አካለ መጠን ስላላደረሰ ብቻ ችሎታ የለውም።

ሬኔ ዳቪድ የተባሉት ፈረንሳዊ ሊቅ ያረቀቁትና በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነገሩን የሚጀምረው ከችሎታ እንጂ ከጉድለት አይደለም። በአንቀጽ 192 መሠረት ሕግ ካልከለከለው በቀር ማንኛውም ሰው ችሎታ አለው። ችሎታ የለውም የሚል ወገን ካለ ማስረዳት ያለበት እሱ ነው። ለሰማንያ ዓመት አዛውንት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጤነኛ መሆናቸውን ለማንም የማስረዳት ዕዳ የለባቸውም፤ አባቴ አእምሯቸው ደክሟል የሚለው ልጅ ነው ማስረጃ ይዞ የሚቀርበው።

አንቀጽ 339 በተፈጥሮ ጉድለት፣ በአእምሮ ሕመም ወይም በእርጅና ምክንያት የሚሠራው ሥራ የሚያስከትለውን ነገር የማይረዳውን ሰው ይመለከታል። እስከዚህ ድረስ ሐሳቡ ግልጽ ነው። ይሁንና ሕጉ ሰካራሞችንና አባካኞችንም እንደ ነገሩ ሁኔታ እዚሁ ይጨምራቸዋል፤ እዚህ ላይ መሠረቱ ይናጋል። ሀብቱን በድግስና በስጦታ የሚበትን ሰው የሚያደርገውን ያውቃል፤ ሥራው ያልተዋጠላቸው ዘመዶቹ ናቸው። አለማወቅና በማይረባ ነገር ላይ መወሰን ሲደባለቁ፣ ችሎታ ማለት ቤተሰብ የሚወደውን መምረጥ ወደ መሆን ይጠጋል።

ሕጉ በጣም የሚያስደንቀው እብደቱ በግልጽ የታወቀና ያልታወቀ ብሎ በለየበት ቦታ ነው። በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት ሆስፒታል የተኛ ሰው፣ ተኝቶ እስካለ ድረስ፣ ሁኔታው በግልጽ የታወቀ ነው። ነዋሪዎቹ ከሁለት ሺህ በሚያንሱበት የገጠር ቀበሌ ደግሞ ቤተሰቡ የሚጠብቀውና እንደልቡ እንዳይወጣ የሚከለክለው ሰው እንዲሁ ይቆጠራል። ዳኛው የሰውን ጭንቅላት ከፍቶ ማየት ስለማይችል ጎረቤት ያየውን ያያል። ይህም በቂ ምክንያት አለው፤ በሬ የገዛ ወይም መሬት የተከራየ ሰው ከማን ጋር እንደተዋዋለ የማወቅ ዕድል ሊኖረው ይገባል። እብደቱ በግልጽ ያልታወቀ ሰው ግን ውሉን ለማፍረስ፣ በፈረመባት በዚያች ሰዓት ፈቃዱ እንከን እንደነበረው ማሳየት አለበት።

ያች ሰዓት ብዙ ጊዜ የምትገኘው በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ነው። አንዲት እናት ቤታቸውን በስጦታ ሊሰጡ ከልጃቸው ጋር ቀርበዋል እንበል። ሠራተኛዋ «እማማ፣ ምን ሊፈርሙ ነው የመጡት?» ስትል ልጁ ቀድሞ ይመልሳል። ጠንቃቃ ሠራተኛ «እሳቸው ይንገሩኝ» ብላ ትጠብቃለች። እናትየው ዘግይተው፣ ቃል እየፈለጉ፣ «ቤቴን ለሱ ልሰጥ፤ እስክሞት ግን እኖርበታለሁ» ካሉ ችሎታቸው እዚያው ታይቷል። መዘግየት አለመቻል አይደለም፤ በደንብ የተጠየቀ ጥያቄና ጥቂት ትዕግሥት ብዙ ሰው ችሎታውን እንዳይነጠቅ ያደርጋሉ።

ከዚህ የሚከብደው ፍርድ ቤት የሰውን ችሎታ የሚገድብበት የፍርድ ክልከላ ነው። ባለጉዳዩ ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዶቹ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሊጠይቁት ይችላሉ። ከተፈረደ በኋላ ሰውየው ለአካሉ አሳዳሪ፣ ለንብረቱ ሞግዚት ይሾምለታል። ያለፍርድ ቤት ፈቃድ ማግባት አይችልም፤ ከክልከላው በኋላ መናዘዝም አይችልም፣ ቀድሞ የጻፈው ኑዛዜ ግን በመርህ ደረጃ ይጸናል። ከሥልጣኑ አልፎ የገባበት ውል ቢፈርስ የማፍረሱ መብት የተሰጠው እሱን ለመጠበቅ ስለሆነ፣ አብሮት የተዋዋለው ሰው ውሉ ስላልጣመው ብቻ ይህን ሰበብ ማንሳት አይችልም። በወንጀል ቅጣት ምክንያት የሚመጣው የሕግ ክልከላ ከዚህ ይለያል፤ እሱ ከጥበቃ ይልቅ ለቅጣት የቀረበ ነው።

አንቀጽ 351 ክልከላ የሚጠየቀው ለታማሚው ጤንነትና ጥቅም ነው ይላል፤ ቀጥሎ ግን ለወራሾቹ ጥቅም ሲባልም ሊፈረድ እንደሚችል ይጨምራል። የሕጉ ትልቁ ድክመት ይህ ነው። ወራሽ ለመሆን የሚጠብቅ ሰው የባለሀብቱን እጅ ለማሰር ሲፈቀድለት፣ ጥበቃ የተባለው ነገር ማንን እንደሚጠብቅ መጠየቅ ግድ ይሆናል።

ችሎታ ማጣት ከኃላፊነት ሁሉ ነጻ አያወጣም። ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት ጥፋት የሚመዘነው፣ ሕግ ሌላ ካላለ በቀር፣ ዕድሜና የአእምሮ ሁኔታ ሳይታይ ነው። ሆኖም ጉዳት አድራሹ የሥራውን ክፋት የማይረዳ ከነበረ ዳኛው በርትዕ፣ የሁለቱንም ወገን የገንዘብ አቅም አይቶ፣ ካሳውን ሊቀንስ ይችላል። ይህ አካሄድ ሰውየውን ከሰው ማኅበር ስለማያስወጣው፣ የሚገባውን ክብር ከፍርድ ክልከላው የበለጠ ይጠብቅለታል።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ12ኛው አንቀጹ አካል ጉዳተኞች ከሌሎች እኩል የሕግ ችሎታ እንዳላቸው ይደነግጋል። የስምምነቱን አፈጻጸም የሚከታተለው ኮሚቴ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማብራሪያ፣ ሌላ ሰው በምትክ የሚወስንበት ሥርዓት ቀርቶ ሰውየው እየተደገፈ ራሱ የሚወስንበት እንዲተካው ጠይቋል። ይህ ከባድ ጥያቄ ያስነሳል፤ ራሱን ስቶ ለወራት የተኛን ሰው የሚደግፈው ሰው በተግባር ወሳኙ መሆኑ አይቀርም። ቢሆንም ልዩነቱ አለ። ሞግዚት ለታማሚው የሚበጀው ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ደጋፊ ግን ሰውየው በደኅና ቀኑ ምን ይል እንደነበር ከንግግሩ፣ ከልማዱና ከሃይማኖቱ መፈለግ አለበት። ሰውየው ሲነቃ ወይም ሲሻለው የተወሰነለትን መልሶ መጠየቅና መለወጥ የሚችለውም፣ ቃሉ የሱ ሆኖ ከቆየ ብቻ ነው።