ከባሕር አምልጦ በወሬ መስጠም

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 ላይ፣ መርከባቸው የተሰበረባቸው 276 ሰዎች መላጥያ ደሴት ሲወጡ ዝናብና ብርድ ተቀበላቸው። የአገሩ ሰዎች አዘኑላቸውና እሳት አነደዱ። ጳውሎስ ጭራሮ ለቅሞ ሲማግድ ከሙቀቱ የሸሸች እፉኝት እጁ ላይ ተጣበቀች። ደሴተኞቹ ወዲያው ፈረዱበት፤ ከባሕር ቢያመልጥም ከፍርድ ያላመለጠ ነፍሰ ገዳይ ነው ተባለ። እሱ ግን አራገፋት። ሲጠብቁ ቆይተው ምንም አለመሆኑን ሲያዩ ቃላቸውን ለወጡ። (እርግጥ ነው፣ አሁን ደግሞ አምላክ አሉት፤ ወሬኛ ልክ አያውቅም።) ቢሆንም የፈረዱበትን ሰው ቆመው አይተውታል።

ጃፓናዊው የመንግሥት ሠራተኛ ማሳቡሚ ሆሶኖ ይህን ዕድል አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1912 ታይታኒክ ሰጥማ 1,500 ያህል ሰው ሲያልቅ እሱ ተረፈ፤ መትረፉ ነውር ሆነበት። ሰው ገፍቶ ጀልባ ላይ ወጣ ተባለ፤ ከሥራውም ተባረረ። በኋላ ወደ ሥራው ቢመለስም ስሙ አልተመለሰለትም። በ1939 ሞተ። በታይታኒክ ወረቀት ላይ ለሚስቱ የጻፈው ደብዳቤ በ1997 ወጥቶ ሲመረመር፣ የተሳፈረው በ10ኛው ጀልባ እንደነበረና ከሌላ ሰው ጋር እንዳምታቱት ታወቀ። ከሞተ ከ58 ዓመት በኋላ!

የደባርቅና የዳባት ሰው ግን እንዲህ ያለ ወሬ ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልገውም።

በስሜንና በወገራ ለዘመናት ማረሻውን የቀጠቀጠው፣ ምንቸቱንና ጀበናውን የሠራው ቤተ እስራኤላዊ ቡዳ ሲባል ኖሯል፤ ቀን ባለእጅ፣ ሌሊት ጅብ። ሕፃን ሲታመም "ማን አየው?" ይባላል። በሽተኛው ሲለፈልፍ የጠራው ስም እንደ ምስክር ቃል ይያዛል፤ የተጠራው ሰው ቀርቦ የሚከራከርበት ሸንጎ የለም። ገበሬው በዚያ ሰው ማረሻ አርሶ፣ የሰውዬው ሚስት በሠራችው ምንቸት የበሰለ ወጥ በልቶ፣ ልጁን ከዓይኑ ይሸሽግ ነበር። የሰውዬው ጥፋት ምን ነበር? ብረትን በእሳት ማዘዝ መቻሉ። ሌላው የማይችለውን መቻል፣ ሌላው ከሞተበት መትረፍ፣ ለወሬኛ ሁለቱም አንድ ናቸው።

ከቤተ እስራኤላውያኑ ብዙዎቹ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሄዱ። በግንቦት 1983 ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ሳይሄዱ በፊት ስንቱ ጎረቤት ይቅርታ ጠየቃቸው?

እነሱ ሄደዋል፤ ወሬው ግን አብሯቸው አልሄደም። እንግዲህ የደባርቅና የዳባት ወላጆች፣ ልጃችሁን ሲያተኩሰው ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ጠበልም አስጠምቁት። የጎረቤታችሁን ስም ግን አታንሡ።