የሚንቀጠቀጥ እጅና የኛ ፍርድ

የሰው እጅ ሲንቀጠቀጥ ስናይ ምክንያቱን ለመስጠት አንቸገርም። ወጣት ከሆነ «ፈርቶ ነው»፣ ጎልማሳ ከሆነ «ጠጥቶ ነው»፣ ሽማግሌ ከሆነ «አርጅቶ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ፊቱ የማይፈታ ሰው ኩራተኛ ነው፤ ሰላምታችንን ዘግይቶ የሚመልስም ንቆናል። ፊትን፣ አካሄድንና ድምፅን አይተን ስለ ልብ መፍረድ ለምዶብናል። ለመሆኑ አካል ስለ ልብ የሚሰጠው ምስክርነት ሁልጊዜ ይታመናልን? ፓርኪንሰን የተባለው ሕመም ይህን ጥያቄ ፊት ለፊታችን ያቆመዋል።

ሕመሙ አዲስ አይደለም። ኢብን ሲና «አል-ቃኑን» በተሰኘው የሕክምና መጽሐፉ ስለ መንቀጥቀጥ ጽፏል። ስሙን ያገኘው ግን እ.ኤ.አ. በ1817 ስለዚሁ ሕመም አንድ ትንሽ መጽሐፍ ካሳተመው እንግሊዛዊ ሐኪም፣ ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። በአንጎል ውስጥ እንቅስቃሴያችንን የሚያቀናጅ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ይህን የሚያመነጩት ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ምልክቱ ገሃድ ሲወጣ ከሕዋሳቱ ብዙዎቹ አልቀዋል። እጅ ሥራ ሲፈታ ይንቀጠቀጣል፤ ጡንቻ ይገተራል፤ እንቅስቃሴ ይዘገያል፤ የእጅ ጽሑፍ እያነሰ፣ ድምፅ እየሰለለ ይሄዳል። መንቀጥቀጥ ጭራሽ የማይታይባቸው ሕመምተኞችም አሉ። ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን የፊት ነገር ነው። የፊት ጡንቻ አልታዘዝ ስለሚል ሰውየው ከልቡ ደስ ብሎት ሳለ ፊቱ እንደ ተኮሳተረ ይቀራል።

አንድ የማውቃቸው ልብስ ሰፊ ሐጂ አሉ። የልጅ ልጃቸው «አያቴ ተቆጥተውኛል» እያለ መሸሽ ጀምሮ ነበር። «ልጄ፣ እኔስ ውስጤ ይስቃል፤ ፊቴ ነው ያልሰማው» አሉኝ። የመስጊዱን ነገርም አጫውተውኛል። በሩ ደፍ ላይ ሲደርሱ እግራቸው መሬቱን ጨብጦ አልላቀቅ ይላል፤ ከኋላ ያለው ሰው ደግሞ «ይቀጥሉ እንጂ» ብሎ ይገፋቸዋል። ገብተው ምንጣፉ ላይ ሲደርሱ ግን የሰፉን መስመር እያዩ አንድ በአንድ ይረግጣሉ። ይህ የሳቸው ብልሃት ብቻ አይደለም፤ ወለል ላይ የተሰመረ መስመር ብዙ የፓርኪንሰን ሕመምተኞችን ለመራመድ እንደሚረዳ ሐኪሞችም ያውቁታል። ሲገፏቸው ግን ይወድቃሉ።

ስለ ሙሐመድ ዐሊ የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ሕመሙ እንዳለበት የተነገረው እ.ኤ.አ. በ1984፣ በ42 ዓመቱ ነበር። ቡጢው ነው ያመጣበት አይደለም የሚለውን ክርክር ለሐኪሞች እተወዋለሁ። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሠራው ነው። በ1990 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሊፈነዳ ሲል ባግዳድ ሄዶ 15 አሜሪካውያን ታጋቾችን ይዞ ተመለሰ። በ1996 አትላንታ ላይ እጁ እየተንቀጠቀጠ የኦሊምፒኩን ችቦ ለኮሰ። በ2016 በ74 ዓመቱ እስኪያልፍ ድረስ 32 ዓመት ከሕመሙ ጋር ኖሯል። ያንን የአትላንታ ፊልም አይቶ «ምነው ለሰው ባያሳዩት ኖሮ!» ያለኝ ሰው አለ። በእዝነት ነው ያለው፣ አልጠራጠርም። ግን እዝነቱ ለማን ነው? ዐሊ ራሱ መውጣቱን ፈቅዷል። የተጨነቀው ተመልካቹ ነው። ሕመምተኛው ሕመሙን ልሸሽግ ቢል መብቱ ነው፤ ገበናውን የመሸፈን ፈንታ የርሱ ነውና። እኛ ስለ ክብሩ ብለን ጓዳ ብናስቀምጠው ግን የሸፈንነው የራሳችንን ዓይን ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ሌላ ነገር አለ። ሕመምተኛው «ጂን ይዞት ነው» ተብሎ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ወይም «ሶብር አድርግ» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። ሩቅያ ይቅር አልልም። ሶብርም ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘዋል፤ ሶብር መድኃኒት ላለመግዛት ማመካኛ ሲሆን ሶብር መባሉ ይቀራል። ከ1960ዎቹ ወዲህ ሌቮዶፓ የሚባል መድኃኒት አለ። አያድንም፤ ግን የተሳሰረውን አካል ለሰዓታት ይፈታዋል። ባቄላ ውስጥም ይኸው ንጥረ ነገር ይገኛል፤ መጠኑ ግን ከባቄላ ባቄላ ስለሚለያይ በክኒን ፈንታ የሚበላ አይደለም። ክኒኑን በድንገት ማቋረጥም አደገኛ ነው።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ክኒኑ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚወሰድ ሲሆን፣ ሰዓቱ ካለፈ እጅና እግር ይተሳሰራል። ረመዷን ሲመጣ እንግዲህ ምን ይደረግ? አላህ (ሱ.ወ) ለበሽተኛ ማፍጠርን ፈቅዷል፤ የመዳን ተስፋ የሌለው ሕመምተኛ ስለ እያንዳንዱ ቀን ምስኪን እንደሚያበላ ዑለማዎች አስተምረዋል። ቆሞ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ፣ ይህም ካቃተው ተጋድሞ ይሰግዳል። ጤነኛ ሳለ ይሠራው የነበረው መልካም ሥራ በሕመሙ ጊዜም እንደሚጻፍለት በሐዲስ ተነግሮናል። ስለዚህ እጁ ስለ ደከመ ከደረጃው ዝቅ ብሏል የምንለው ሰው፣ በአላህ ዘንድ መዝገቡ አልጎደለም ማለት ነው።

ሐጂ ይህን ሁሉ ከኔ በላይ ያውቃሉ። ሆኖም ባለፈው ረመዷን ክኒናቸውን የሚውጡት የሱቃቸውን በር ዘግተው ነበር። ደንበኛ ሲያንኳኳ ብርጭቆውን ከስፌት መኪናው ሥር ይሸጉጣሉ፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ውሃው የሰው ጨርቅ ላይ ይፈሳል። አንዳንድ ኢማሞቻችን በረመዷን ዋዜማ ስለ ስኳር በሽታና ስለ ደም ግፊት ሲናገሩ ሰምቻለሁ። የዘንድሮው ኹጥባ ላይ ስለ ፓርኪንሰንም ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢጨምሩልን።