ወታደሩ የሚሞትበትን ቦታ አይመርጥም

 

ዕድሜውን በሙሉ በወታደርነት ያሳለፈ ሰው በምን ይሞታል? ብዙዎቻችን "በጠላት ጥይት" እንላለን። ታሪክ ግን ሌላም ያሳየናል።

ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዐይኔ በኤርትራ ግንባር የናደው እዝ አዛዥ ነበሩ። በየካቲት 1980 ዓ.ም አስመራ ላይ ተረሸኑ። የገደላቸው ሲዋጉት የኖሩት ኃይል አይደለም፤ ያገለገሉት መንግሥት ነው። ወር አለፍ ብሎ፣ በመጋቢት፣ ያ ትልቅ እዝ አፋቤት ላይ በጥቂት ቀናት ውጊያ ተደመሰሰ።

ወደ ሰሃቦች ዘመን እንሂድ። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) በሙዕታ ዘመቻ ዘጠኝ ሰይፍ እጃቸው ላይ ተሰብሯል። ዑመር (ረ.ዐ) ከአዛዥነት ሲያነሷቸው አላኮረፉም፤ በአቡ ዑበይዳ ሥር ሆነው መዋጋታቸውን ቀጠሉ። ሰይፍ የሚለቁት ለሹመት ብለው የያዙት ሰዎች ናቸው። ሸሂድነትን ሲመኙ የኖሩት ኻሊድ በመጨረሻ የሞቱት አልጋቸው ላይ ነው።

አየህ ወንድሜ? አንዱ በገዛ ወገኑ እጅ፣ ሌላው በአልጋው። ማንም ነፍስ በየትኛው ምድር እንደምትሞት እንደማታውቅ ሱረቱ ሉቅማን መጨረሻ ላይ ተምረናል። አጀል በእጃችን አይደለም። በእጃችን ያለው ኒያችንና የሰው ሐቅ ነው።

አቡበክር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ጦር ሲልኩ ሴት፣ ሕፃንና ሽማግሌ እንዳይገደል፣ የሚያፈራ ዛፍ እንዳይቆረጥ አዘዋል። ስለዚህ መለዮ ለባሽነት ከሒሳብ አያድንም። "ታዝዤ ነው" የሚል ሰውም፣ ያዘዘውም፣ ነገ አላህ ፊት ይቆማሉ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለሸሂድ ከዕዳ በቀር ሁሉም ወንጀሉ እንደሚማርለት አስተምረውናል። ደሙን ያፈሰሰ ሰው ዕዳው ከተያዘበት፣ ከሱቅ በዱቤ ወስደን "ነገ እከፍላለሁ" የምንለው እኛ በምን ተማምነን ነው?

በአርሲ ነገሌም ሆነ በሻሸመኔ፣ ዛሬ ከጎንህ የሚሰግደው አባት ልጁን ለጦርነት ሸኝቶ ድምፁን የሚጠብቅ ሊሆን ይችላል። ስለሞተው ልጅ ጀነት ነው ጀሀነም ነው ብለህ አትፍረድ፤ ፍርዱ የአላህ ነው። የአንተ ድርሻ ቤቱን መጠየቅ፣ የቲሞቹን ማገዝ፣ ሟቹ ዕዳ ካለበት ከሌሎች ጋር ተባብረህ መክፈል ነው።

ዛሬ ማታ ሳትተኛ ወሲያህን ጻፍ። ያለብህን ዕዳ መዝግብ። የበደልከው ሰው ካለ ደውለህ አውፍ በለኝ በለው። ይህን ለማድረግ ጦር ሜዳ መሄድ አይጠበቅብህም፤ ሞት ቤትህንም ያውቀዋል።

አላህ ሆይ! ለአገራችን ሰላም ስጥ፤ ልጆቻቸውን ለሚጠብቁ እናቶች ሶብር ስጥ፤ ፍጻሜያችንን አሳምርልን። አሚን።