የጠላው መኮምጠጥና የሸክላ ሠሪዋ ስም

ጠላ ሲኮመጥጥ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ፤ አንደኛው «ምን አኮመጠጠው?» ሲሆን፣ ሁለተኛው «ማን አኮመጠጠው?» የሚል ነው። በቆየው ልማድ ሁለተኛው ጥያቄ አንደኛውን ይቀድም ነበር። «ዓይን ነካው» ሲባል ሐሜቱ ብዙውን ጊዜ በእደ ጥበብ ባለሙያዎች፣ በሸክላ ሠሪዋና በቀጥቃጩ ላይ ያርፍ ነበር። ጋኑን በእጇ የሠራችው ሴት፣ በጋኑ ውስጥ ለተበላሸው መጠጥ «ቡዳ» ተብላ ትታማለች። በሥራዋ ይጠቀማሉ፤ ከማዕዳቸው ግን ያርቋታል።

ሉዊ ፓስተር በ1876 እ.ኤ.አ. ስለ ቢራ ባሳተመው ጥናት የመጠጥ መበላሸት የረቂቅ ተሕዋስያን ሥራ መሆኑን አስረዳ። ለጠላም ሕጉ ያው ነው። በግራዋ ተፈትጎ ያልታጠበ፣ በወይራ ያልታጠነ ጋን የትናንቱን ብልሽት ለዛሬው ጥንስስ ያወርሳል። እንኩሮው ሳይበርድ ከተጨመረ እርሾው ይሞታል፤ ድፍድፉም ሳይፈላ ይቀራል። የጋኑ አፍ በሚገባ ካልታተመ አየር ይገባና አልኮሉ ወደ ኮምጣጤ ይለወጣል።

ታዲያ ምክንያቱ መታወቁ ኃላፊነትን ያስቀራልን? አያስቀርም፤ ቦታውን ይለውጠዋል እንጂ። ንጹሑን ሰው ከሐሜት ነፃ ያወጣል፤ ጠማቂውን ግን ለጥንቃቄ ያስገድዳል። የተበላሸውን ከደህናው ቀላቅሎ የሚሸጥ ሰውም ከእንግዲህ በዓይን አሳብቦ ሊያመልጥ አይችልም። ያላወቀ ይማራል፤ ያወቀ ይጠየቃል።

ስለዚህ ጥፋትን በዕቃውና በአሠራሩ ውስጥ መፈለግ የሙያ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጉዳይ ነው። ጋኑን ሳይመረምር ጎረቤቱን የሚመረምር ኅብረተሰብ ጠላውም ይኮመጥጥበታል፤ ሰውም ይበደልበታል።